አዳማ ላይ የራሱን ሆቴል ለሚሠራ ኮንትራክተር

ሕንፃ ሠርቶ ማስረከብ የለመደ ሰው ሆቴል ሲሠራ ዋናው ፈተናው ርክክብ አለመኖሩ ነው። የሌላ ሰው ሥራ ላይ ጊዜያዊ ርክክብ አለ፣ ጊዜው ሲደርስ የመጨረሻ ርክክብ አለ፣ የመያዣው ገንዘብ ይለቀቅና ፋይሉ ይዘጋል። በራስ ሆቴል ላይ ግን ሳይፈተሽ የተለሰነ ቧንቧ፣ በ10 ሳንቲም ብሎኬት የተከፈለ ክፍል፣ ከሴራሚክ ስር የተዘለለ የውሃ መከላከያ ሁሉ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ሪሴፕሽን ላይ ቅሬታ ሆኖ ይመጣል። አርማታ እንዴት እንደሚሞላ ለኮንትራክተር መንገር አያስፈልግም። እዚህ የምናነሣው ሥራው ሆቴል ሲሆን፣ ቦታውም አዳማ ሲሆን የሚለየውን ነው።

ማን እንደሚያድር ሳይታወቅ ንድፍ አይጀመርም

አዳማ የስብሰባና የሥልጠና ከተማ ናት። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው በጠዋት ደርሶ አዳራሽ ይገባል፤ ከፈለገም ማታ ተመልሶ ቤቱ ያድራል። ስለዚህ አዳራሹና ምግብ ቤቱ ከመኝታ ክፍሎቹ የበለጠ ሰው ማስተናገድ አለባቸው። 40 ክፍል ሠርቶ ምግብ ቤቱን ለ50 ሰው ብቻ ያዘጋጀ ባለቤት፣ 120 ሰው ያለውን ሥልጠና ለጎረቤቱ ሆቴል እየሰጠ ነው።

ለአዳራሽ ስፋት የሚሠራው ስሌት ቀላል ነው። ወንበር ብቻ ሲደረደር ለአንድ ሰው ከ1 እስከ 1.2 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ጠረጴዛ ሲኖር ግን 2 ካሬ ይያዝ። ሥልጠና የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች የሚጠይቁት በጠረጴዛ ነው። 120 ሰው በጠረጴዛ ማለት 240 ካሬ፣ ማለትም 12 በ20 ሜትር ነው፤ መሐሉ ላይ ኮለን ሊኖር አይችልም። ኮለን ያለበት አዳራሽ ፕሮጀክተር የማይታይበት አዳራሽ ነው፤ አንዴ ያየ አዘጋጅ አይመለስበትም።

12 ሜትር የሚዘረጋ ቢም ወደ 1 ሜትር ቁመት ይፈልጋል። አዳራሹን ምድር ቤት አድርገው ከላዩ አራት ፎቅ መኝታ ከጫኑ፣ ከላይ የሚወርዱት ኮለኖች ቢም ላይ ያርፋሉ፤ ወጪው ከባድ ነው፣ ለመሬት መንቀጥቀጥም ክፉ አሠራር ነው። መሬቱ ከበቃ ከኋላ በኩል ለብቻው የቆመ፣ ፎቅ የሌለው አዳራሽ በብረት ጣሪያ መሥራት ከሁሉ ይሻላል። የማይክሮፎን ድምፅም ከመኝታው ይርቃል። መሬቱ ካልበቃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ይሁን፤ ከላዩ ጣሪያ ብቻ ስለሆነ ያለ ኮለን ለመዘርጋት ይቀላል። በዚህ ጊዜ ግን ሻይ ሰዓት ላይ 120 ሰው በአንድ ሊፍት እንደማይወርድ ይታሰብ፤ የሻይ ቦታውና መጸዳጃው እዚያው ፎቅ ላይ፣ ደረጃውም ሁለት፣ እያንዳንዱም ቢያንስ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ይሁን።

መሬቱ

አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። በብዙ ቦታ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ልል አሸዋማ አፈር ተነባብሮ ይገኛል። እንዲህ ያለው አፈር ደረቅ ሲሆን ችሎ ይቆማል፤ ጭነት ላዩ ላይ እያለ ውሃ ሲገባው ግን በድንገት ሊሰምጥ ይችላል። የጎረቤቱ ጂ+4 ቆሟልና የእኔም ይቆማል ማለት አይሠራም። የአፈር ምርመራው ከሕንፃው ማዕዘኖችና ከመሐሉ የተቆፈረ ይሁን፤ ላቦራቶሪውንም የመሸከም አቅሙን ብቻ ሳይሆን አፈሩ ሲርስ የሚሰምጥ መሆን አለመሆኑን እንዲፈትሽ በጽሑፍ ይጠይቁ። ካልጠየቁት አይፈትሽልዎትም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ውሃን ከመሠረቱ ማራቅ ነው። ሆቴል ከመኖሪያ ቤት ይልቅ እጅግ ብዙ ውሃ ያመጣል፤ የፍሳሽ መስመር፣ የሳር ማጠጫ፣ የምድር ታንከር፣ የአሸንዳ ውሃ ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ይገናኛሉ። የፍሳሽ መስረጊያ ጉድጓድ ከመሠረቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። የሕንፃውን ዙሪያ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ባለው፣ ወደ ውጭ በሚያዘነብል አርማታ ይክበቡ። የአሸንዳ ቧንቧ መሬት ላይ አይፍሰስ፤ በዝግ መስመር ወደ ዲች ይግባ። አበባ መደብ ግድግዳ ሥር አይሠራም፣ ምንም ቢያምር።

ከተማዋ በኮረብታዎች መካከል ስለተቀመጠች ክረምት ላይ ድንገተኛ ጎርፍ ደለል ይዞ ይወርዳል። ወደ ቤዝመንት የሚወርደው የመኪና መንገድ አፉ ላይ ከአስፋልቱ ከፍ የሚል ጉብታ ይኑረው። ጀነሬተርና ዋናው የኤሌክትሪክ ቦርድ ቤዝመንት ውስጥ አይቀመጡም። ቦታ ጠበበ ተብሎ እዚያ ከገቡ አንድ ዝናብ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል።

የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ አዳማን ከፍ ያለ የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት ካለባቸው ቀጠናዎች ውስጥ ያስቀምጣታል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቷል። ሆቴል በዚህ ረገድ የራሱ ድክመት አለው፤ ሎቢው ሰፊና ከፍ ያለ እንዲሆን ስለሚፈለግ ምድር ቤቱ ግድግዳ የሌለው፣ ረጃጅም ኮለን ብቻ ያለው ይሆናል፣ ከላዩ ግን በብሎኬት የታጨቀ ነው። ሲናወጥ የሚሰበረው ይህ ልፍስፍስ ፎቅ ነው። መፍትሔው የሊፍቱንና የደረጃውን ዙሪያ በአርማታ ግድግዳ እስከ ላይ ማውጣትና የሎቢውን ኮለኖች መሐንዲሱ ለዚሁ ብሎ እንዲሠራቸው ማድረግ ነው። ስታፋው፣ ማለትም የኮለኑን ቋሚ ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረው ብረት፣ ኮለኑ ከቢም ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ወደ 10 ሳንቲም ይጠጋጋ፤ ጫፉም ወደ ውስጥ 135 ዲግሪ ይታጠፍ። ለቶሎ ሥራ ተብሎ 90 ዲግሪ የታጠፈ ስታፋ ሲናወጥ ይከፈታል። ግንባታው ተጀምሮ «ሎቢው ይስፋ» ተብሎ ኮለን ማንሣት በፍጹም አይሞከርም።

ሆቴል ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል በመሆኑ በሕንፃ ሕጉ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ሕንፃዎች ውስጥ ይገባል። ፈቃዱ በራስዎ ድርጅት ስም ቢወጣም ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ከእርስዎ ድርጅት ደመወዝ የማይቀበል ይሁን። ፎርማኑ የአለቃውን አርማታ አፍርሱ አይልም።

ውሃ

ሆቴልን የሚያኖረውም የሚያፈርሰውም ውሃ ነው፤ ስለዚህ በቁጥር እንየው። 40 ክፍል ሲሞላ 60 አዳሪ ይኖራል። ለአንድ አዳሪ በቀን 150 ሊትር ሲያዝ 9,000 ሊትር ነው። 120 ተሰብሳቢ በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ሲታሰብ 3,000፣ ሎንደሪ 2,000፣ ማድ ቤትና ጽዳት 2,500 ገደማ። ድምሩ በቀን ከ16,000 ሊትር ይበልጣል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የሦስት ቀን መጠባበቂያ ማለት 50,000 ሊትር ነው። 5 በ5 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር የውሃ ጥልቀት ያለው የምድር ታንከር ይህን ይይዛል። መሐሉን በግድግዳ ለሁለት ይክፈሉት፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ያገለግላል። ያልተከፈለ ታንከር እንግዳ ባለበት ሊታጠብ ስለማይችል ሳይታጠብ ይኖራል።

ጣሪያ ላይ 10,000 ሊትር በሁለት ሮቶ ይበቃል። 10,000 ሊትር ግን 10 ቶን ነው፤ ሶሌታው (የአርማታ ንጣፉ) ሲነደፍ ያልታሰበ ሮቶ በኋላ አይጫንም።

ብዙ አዳዲስ ሆቴሎች የሚሳሳቱት ግፊት ላይ ነው። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከመጨረሻው ፎቅ ሻወር በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.3 ባር ነው፤ ሻወሩ ይንጠባጠባል እንጂ አይረጭም። ውድ ተብሎ የሚሸጠው የላይኛው ፎቅ ክፍል በጣም ደካማ ሻወር የሚኖረው ለዚህ ነው። ለላይኞቹ ሁለት ፎቆች ለብቻው የግፊት ፓምፕ ያለው መስመር ይዘርጉ፣ ፓምፑም ጀነሬተር ላይ ይያያዝ፣ መለዋወጫ ፓምፕም አብሮ ይተከል።

ሙቅ ውሃ ላይ ሁለት መንገድ አለ። በየክፍሉ 50 ሊትር ቦይለር ከተሰቀለ፣ አንዱ 1.5 ኪሎዋት ቢሆን 40ው በአንድ ጊዜ 60 ኪሎዋት ይጎትታሉ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ተሰብሳቢ ይታጠባልና ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። የአዳማ ፀሐይ እያለ የፀሐይ ማሞቂያ ከማዕከላዊ ታንከር ጋር፣ ለደመናማ ቀን ደግሞ የኤሌክትሪክ መደገፊያ ጨምሮ መሥራት ይሻላል። ማዕከላዊ ሲሆን ግን የመመለሻ መስመርና ትንሽ ማዞሪያ ፓምፕ የግድ ነው። 30 ሜትር ርዝመት ያለው 32 ሚሊ ፒፒአር ቧንቧ ወደ 10 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ መመለሻ ከሌለ ይህ ሁሉ ቀዝቅዞ ይጠብቃል። እንግዳው ሙቅ እስኪመጣ ያፈሰዋል፣ እርስዎም በፓምፕ ያወጡትን ውሃ ወደ ፍሳሽ ይልካሉ። ሙቅ መስመሩ በሙሉ በስፖንጅ ይሸፈን።

ጉድጓድ ለማስቆፈር ካሰቡ ውሃው ፍሎራይድ መመርመር አለበት። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውሃው ተንኖ ሲቀንስ እንዲያውም ያከማቸዋል። ምርመራው ከወሰኑ በላይ ካሳየ የጉድጓዱ ውሃ ለመጸዳጃ፣ ለሎንደሪና ለግቢ ይሁን፤ ማድ ቤቱ በተለየ መስመር ከከተማው ውሃ ይጠጣ። መስመሮቹ ከመጀመሪያው ተለይተው ካልተዘረጉ በኋላ መለየት ግድግዳ መስበር ነው።

መታጠቢያ ቤት

ቅደም ተከተሉን አንድም ሳይዘሉ ይከተሉ። ቧንቧው ተዘርግቶ ከመለሰኑ በፊት በ10 ባር ግፊት ይሞከር፤ ጌጁ ቢያንስ 2 ሰዓት ሳይወርድ ይቁም። እያንዳንዱ ግድግዳ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሣ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ መስታወት ለመስቀል የሚበሳው ሰው ቧንቧው የት እንዳለ በዚያ ፎቶ ያውቃል። ሊሾው ወደ ማፍሰሻው 2 በመቶ ያዘንብል። የውሃ መከላከያው ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን በሚያቋርጥ አቅጣጫ ይቀባ፤ ወለሉ ሁሉ ይሸፈን፣ ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲም፣ ሻወሩ ያለበት ግድግዳ 2 ሜትር ይውጣ። ጥግ ጥጉና ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳ በመረብ ይጠናከር፤ የሚያፈሰው ሁልጊዜ እዚያ ነው። ከዚያ ማፍሰሻውን ደፍነው 5 ሳንቲም ውሃ ሞልተው 48 ሰዓት ይተዉት፣ ከታችኛው ፎቅ ሆነው ሶሌታውን ይዩ። ይህ በናሙና አይሆንም፣ 40ውም ክፍል ይፈተሻል። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ የተገኘ ፍሳሽ ሦስት ክፍል ይዘጋል፤ የሚያፈሰውን፣ ከስሩ ያለውን፣ ድምፁ የሚሰማውን።

የቧንቧ መውረጃ ዳክቱ ከኮሪደር የሚከፈት በር ይኑረው። እንግዳ በተኛበት ክፍል ገብቶ ቧንቧ መጠገን አይቻልም። የመጸዳጃ መስመሩ መተንፈሻ ከጣሪያ በላይ ይውጣ፤ ካልወጣ አንዱ ሲለቅ የሌላው ሲፎን፣ ማለትም ሽታን የሚያግደው ውሃ የቋረበት የቧንቧ እጥፋት፣ ይመጠጥና ሽታ ይገባል። በአዳማ ሙቀት ያልተያዘ ክፍል የወለል ሲፎን ራሱ ይደርቃል፤ ባዶ ክፍሎች በሳምንት አንድ ቀን ውሃ እንዲፈስባቸው ለጽዳት ሠራተኞች መደበኛ ሥራ አድርገው ይስጡ። «ሆቴሉ ይሸታል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ ምክንያት የለውም።

ድምፅ፣ አቧራ፣ መብራት

በክፍልና በክፍል መካከል 20 ሳንቲም ብሎኬት ሁለቱም ወገን ተለስኖ፣ ኮርኒስ ላይ ሳይቆም እስከ ሶሌታው ድረስ ይውጣ። ኮርኒስ ላይ ያቆመ ግድግዳ ሳልን ሳይቀር ያሳልፋል። የሁለት ክፍሎች ሶኬት ጀርባ ለጀርባ አይገጠም። ቀላሉ የፑሚስ ብሎኬት ለሶሌታው ጭነት ይመቻል፣ ድምፅ ግን በደንብ አያግድም፤ ለመኝታ ክፍል ግድግዳ ከባዱን ይጠቀሙ።

ከተማዋ ነፋሻ ናት፤ በአካባቢዋ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ምስክር ናቸው። የሚንሸራተት መስኮት በጊዜ ብዛት አቧራ ያስገባል፤ በማጠፊያ የሚከፈትና ጎማ ያለው መስኮት ይሻላል። የማድ ቤት ጭስ ማውጫና የጀነሬተር ጭስ ነፋሱ ወደ መኝታ ክፍል በማይመልስበት ወገን ከጣሪያ በላይ ይውጣ። የአየር ማቀዝቀዣው የሚያንጠባጥበው ውሃ የራሱ ቧንቧ ይኑረው፤ አለዚያ አዲሱ ቀለም በአንድ በጋ ይበላሻል።

ለጀነሬተር አንድ ትልቅ ገዝቶ ሌሊቱን ሙሉ ማሠራት ስህተት ነው። ናፍጣ ሞተር ለረጅም ጊዜ ከአቅሙ ከሦስት አንድ በታች ሲሠራ ካርቦን ይይዛል፣ ነዳጅም ያባክናል። ለ40 ክፍል 100 ኬቪኤ ገደማ ለቀንና ለስብሰባ፣ 40 ኬቪኤ ለሌሊት ቢሆን ይመከራል፤ ትክክለኛውን መጠን የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ከሊፍቱ መነሻ ጉልበት ጋር ያሰላው።

ይህን ሁሉ በ40 ክፍል ከማባዛትዎ በፊት አንድ ክፍል እስከ መጋረጃው ድረስ ይጨርሱ፤ የተለያዩ ሰዎችም ይደሩበት። አልጋ ላይ ተኝቶ መብራት ማጥፋት ይቻላል? ስልክ መሙያ በሁለቱም ወገን አለ? ሻንጣ የት ይቀመጣል? የመታጠቢያው በር አልጋውን ይነካል? መልሱ በአንድ ክፍል ላይ ሲታረም ርካሽ ነው።

ገንዘቡ

ኮንትራክተር የለመደው ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ፣ ሠርቶ፣ የተሠራው ተለክቶ በሚጻፍ የክፍያ ሰርተፍኬት መከፈል ነው። እዚህ አሠሪ የለም። የሆቴሉ ድርጅት ከግንባታ ድርጅቱ የተለየ ሒሳብ፣ የተለየ መዝገብ ይኑረው። የራስዎ ሚክሰርና ካሚዮን በነፃ የሚሠሩ ይመስላሉ፣ ግን ሌላ ሳይት ላይ ቢከራዩ የሚያመጡትን እያጡ ነው፤ በገበያ ኪራይ ዋጋ ሆቴሉ ላይ ይመዝግቡት። ይህ ካልተደረገ የግንባታ ድርጅቱ ሳይታወቅ ይደማል፣ ከዚያም የሁለቱም ደመወዝ በአንድ ወር ይቆማል።

የመጨረሻው ሶሌታ ሲሞላ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ሊፍት፣ ጀነሬተር፣ የማድ ቤትና የሎንደሪ ዕቃ፣ አልጋ፣ ፍራሽ ገና ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኛው ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር የሚወጣ ነው። ለእነዚህ የተያዘው ገንዘብ ለማጠናቀቂያ ሥራ አይነካ። የባንክ ብድር የእፎይታ ጊዜ በአብዛኛው የሚቆጠረው ሆቴሉ ከተከፈተበት ሳይሆን ብድሩ ከተለቀቀበት ቀን ነው፤ ውሉን አንብበው መጀመሪያውን ይወቁ። ግንባታው አንድ ዓመት ቢዘገይ ባዶ ሕንፃ ወለድ ሲከፍል ይገኛል። በተጨማሪ የስድስት ወር ደመወዝ፣ መብራትና ወለድ የሚሸፍን ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጥ።

ከመክፈቻው ጥቂት ወራት በፊትና በኋላ

ሥራ አስኪያጁና የማድ ቤት ኃላፊው ማድ ቤቱ ሳይለሰን ይቀጠሩ እንጂ ሪቫኑ ሊቆረጥ ሳምንት ሲቀረው አይደለም። የእቃ ማጠቢያው የት ይሁን፣ ጥሬ ሥጋና የበሰለ ምግብ እንዳይገናኙ መንገዱ እንዴት ይሁን የሚለውን እነሱ ያውቃሉ።

አንሶላ ለአንድ አልጋ ሦስት ጊዜ ይገዛል፤ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ ስቶር። 40 አልጋ በሁለት አንሶላ በሦስት 240 ነው። ከዚህ ካነሰ እርጥብ አንሶላ ይነጠፋል። 28 ክፍል ሲያዝ በቀን 110 ኪሎ ገደማ እጥበት ይወጣል፤ 25 ኪሎ የሚይዝ ማሽን በቀን አምስት ዙር ይሠራል ማለት ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በፈረቃዋ ከ12 እስከ 14 ክፍል በደንብ ታዘጋጃለች፤ ሃያ ከተሰጣት መታጠቢያውን ትዘላለች፣ ጥፋቱም የእርስዎ ነው።

ሠራተኛን እንደ ሳይት የቀን ሠራተኛ መቅጠርና ማሰናበት ሆቴልን ይገድላል። አስተናጋጅ የደንበኛን ስምና ምርጫ ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል። ስቶር ላይ ግን የሳይት ልምድዎ ይጠቅማል፤ ለአንድ ኪዩቢክ አርማታ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደሚገባ እንደሚያውቁት ሁሉ ለአንድ ጥብስ ስንት ግራም ሥጋ፣ ስንት ዘይት እንደሚገባ በጽሑፍ ይወሰን፤ ከስቶር የወጣው በየማታው ከተሸጠው ጋር ይታይ። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት የጾም ምግብ ሙሉ ምርጫ ያለው ይሁን። የስብሰባ ምሳ ሲታዘዝ የጾምና የፍስክ ቁጥር፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ተለይቶ ከአዘጋጁ ጋር ቀድሞ ይጻፍ።

ፕሮፎርማ ላይ ዋጋው 15 በመቶ ቫቱንና ሰርቪስ ቻርጁን ያካተተ መሆን አለመሆኑ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ልዩነቱ ከእርስዎ ኪስ ይወጣል። ስንት ሰው ቢቀር ስንት እንደሚከፈልም በውሉ ይቀመጥ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከሚያዝያ ጀምሮ ስብሰባ ይበዛል፣ ሐምሌና ነሐሴ ይቀዘቅዛል። ዱቤ የሰጡትን ሁሉ እስከ ሰኔ አጋማሽ አሳድደው ይሰብስቡ፤ በጀቱ ከተዘጋ በኋላ የቀረበ ሂሳብ ወደ አዲሱ ዓመት ይገፋና ክፍያው ለወራት ሊቆይ ይችላል። ገበያው በሚቀዘቅዝባቸው በእነዚያ ሁለት ወራት አንድ አንድ ፎቅ እየዘጉ ሲሊኮኑን፣ ሲፎኑን፣ የበር ማጠፊያውንና ቀለሙን ያድሱ፤ የምድር ታንከሩም ያኔ ይታጠብ።